«ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚለው» ለሚሉን አበዳሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባንኮች፣ ለብድር ተቋማትና ለክሬዲት ካርድ ሰጪዎች፤
በተለይም የደንበኞችን የብድር መረጃ ወደ ክሬዲት ቢሮዎች (የሰውን የብድር ታሪክ ሰብስበው ለአበዳሪዎች ወደሚያሳዩ ድርጅቶች) ለምትልኩ ክፍሎች ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ራሳችሁ የመዘገባችሁትን ስህተት ራሳችሁ እንድታርሙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፈው ዕዳ እንዲሰረዝልኝ አይደለም። ወለድ ይቀነስልኝ፣ ጊዜ ይራዘምልኝ ለማለትም አይደለም። የተበደርኩትን በቀኑ የምከፍል ሰው ነኝ። ቅሬታዬ እናንተ ጋ ያለው መዝገብ ሌላ ነገር መናገሩ ላይ ነው።

የአበዳሪዬን ስም አልጠራም። ለዚያ ድርጅት የምለውን በደብዳቤ ብዬዋለሁ። ደግሞም የደረሰብኝን ላወራኋቸው ሰዎች ነገሩ አዲስ አልነበረም። ግማሾቹ የራሳቸውን ታሪክ ነገሩኝ። የተቋሙ ስም ይቀያየራል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው። የማይመለከተው ካለ ይለፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርሃዊ ክፍያዬን ባንኬ በቋሚ ትዕዛዝ ከሂሳቤ እየቆረጠ ለአበዳሪዬ ይልካል። አበዳሪው በመሃል የኮምፒዩተር ሲስተሙን ቀየረ። ሲስተሙ ሲቀየር የብድር ቁጥሬም አብሮ ተቀየረ። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ገንዘቡ እንደ ወትሮው በየወሩ ሄደ፤ እነሱም እንደ ወትሮው ተቀበሉ። ግን አሮጌው ቁጥር ተዘግቷል። ስለዚህ ክፍያዬ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ገንዘብ በሚጠራቀምበት ሂሳብ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በአንድ እጃቸው ገንዘቤን ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው «አልከፈለችም» ብለው ለክሬዲት ቢሮዎች ልከዋል።

እኔ ያወቅኩት ሌላ ብድር ስጠይቅ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ማንም ደውሎ «ስምህ እንዲህ ሆኗል» አይልህም። የሆነ ነገር ስትፈልግ ነው በሩ የሚዘጋብህ።

ቢሮዎቹ ስለ እኔ የያዙትን መዝገብ፣ የክሬዲት ሪፖርቴን፣ አወጣሁ። እያንዳንዱ ብድር ሥር ከወር ወር የሚሄድ የትናንሽ ሳጥኖች ረድፍ አለ። በሰዓቱ የተከፈለበት ወር ሳጥን ውስጥ ዜሮ ይገባል። የእኔ ረድፍ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ መጥቶ መጥቶ ድንገት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል። አንድ ማለት 30 ቀን ያለፈው፣ ሁለት 60፣ ሦስት 90 ነው። ከዚያ ቀጥሎ እንደገና ዜሮ። አንድ ሳንቲም ያላጎደለ ሰው በድንገት ሦስት ወር መክፈል አቆመ፤ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ቀን ከፍሎ እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ረድፉ የሚለው ይህን ነው። ሰው አንድ ጊዜ አይቶት ቢሆን ኖሮ «ቆይ፣ ይሄ ምንድነው?» ይል ነበር። ሲስተሙ ከተቀየረበት ወር ጋር ቢያስተያየው ደግሞ መልሱን ወዲያው ያገኘው ነበር። ያየው ሰው ግን የለም። ፋይሉ በወሩ መጨረሻ ከእናንተ ኮምፒዩተር ተነስቶ ቢሮው ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ፤ በቃ።

ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች።

«እህቴ፣ ሲስተሙ ላይ ሦስት ወር ውዝፍ እንደነበረብሽ ነው የሚያሳየኝ» አለችኝ።

«ከፍያለሁ እኮ። የባንክ ስቴትመንቱ እጄ ላይ ነው። ቀኑም፣ የማስተላለፊያ ቁጥሩም አለ።»

«ገብቶኛል። ግን ሲስተሙ አያሳየኝም።»

«ሲስተሙ ተሳስቶ ቢሆንስ?»

ትንሽ ዝም አለች። «ለክሬዲት ቢሮው አመልክቺ። እነሱ ይጠይቁናል፤ እኛ እናረጋግጥላቸዋለን» አለችኝ።

በምን እንደሚያረጋግጡ ጠየቅኳት።

«በሲስተሙ» አለች።

ልጅቷ ላይ ቂም የለኝም። ፊቷ ያለው ስክሪን የሚላትን አነበበች። ማረም አትችልም፤ የሚያርም ሰው ስልክ ቁጥርም አልተሰጣትም። ደብዳቤዬን ለእሷ ሳይሆን ለእናንተ ያደረግኩት ለዚህ ነው። እሷን እዚያ ወንበር ላይ ያለ ምንም ሥልጣን ያስቀመጣችኋት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ብዙ ሰው ክሬዲት ቢሮ ሲባል እንደ ዳኛ የሚያጣራ አካል ይመስለዋል። ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስ፣ ትራንስዩኒየን የሚባሉት ትልልቆቹም ቢሆኑ እናንተ የላካችሁትን ተቀብለው የሚያስቀምጡ መጋዘኖች ናቸው። ገንዘቡን ሲገባ አላዩም፤ ውሉም እጃቸው ላይ የለም። እቃው ሲበላሽ ከፋብሪካው ነው የተበላሸው። እኛ ቅሬታ ስናቀርብ እነሱ ጥያቄውን መልሰው ወደ እናንተ ነው የሚልኩት።

የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ይህን በቁጥር አሳይቶታል። ትልልቆቹ ሦስት ቢሮዎች ተበዳሪው ከሚከራከርባቸው ነገሮች ያኔ ራሳቸው የሚፈቱት በአማካይ 15 በመቶውን ነበር። ቀሪው 85 በመቶ ወደ አበዳሪዎች ይሄድ ነበር። እንዴት ይሄድ ነበር? የሰውየው ገጽ ሙሉ ደብዳቤ በአንድ የኮድ ቁጥር ተጠቅልሎ ነው፤ «የእኔ አይደለም ይላል»፣ «ከፍያለሁ ይላል» እንደ ማለት። በፖስታ የላከው ደረሰኝና ስቴትመንት አበዳሪው ጋ ላይደርስ እንደሚችልም ያው ሪፖርት ጠቁሟል። ከዚያ ወዲህ ሰነድ አያይዞ የሚልክ መንገድ ተዘርግቷል፤ ጥሩ ነው። ግን የተያያዘውን ሰነድ የሚከፍት ሰው ከሌለ መያያዙ ምን ይረባል?

እናንተ ጋ ሲደርስ የሚሆነውን አሁን ሁላችንም አውቀናል። አንድ ሠራተኛ ኮዱን ያያል። ስሜን፣ የልደት ቀኔን፣ የብድር ቁጥሬን ከስክሪኑ ጋር ያስተያያል። ስክሪኑ ላይ ውዝፍ ይላል። ቢሮው የላከውም ውዝፍ ይላል። ሁለቱ ገጠሙ። «ተረጋግጧል»። እንዴት አይገጥሙ? ቢሮው ያንን ያገኘው ከእናንተው አይደል? ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም ያው አንድ ስክሪን ነው።

ይህ የእኔ ምሬት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የወሰነው ጉዳይ አለ። አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1987 የክሬዲት ካርድ ያወጣል። ከዓመታት በኋላ ትዳር ይይዛል። በ2000 መጨረሻ ኪሳራ ያውጅና ዕዳው ሳይከፈል ይቀራል። ባንኩ ወዲያው ወደ ሚስቲቱ ዞረ፤ «ካርዱን አብረሽው ነው ያወጣሽው» አላት። እሷ ደግሞ «እንድጠቀምበት ተፈቅዶልኝ ነበር እንጂ ተበዳሪ አይደለሁም» አለች። ለክሬዲት ቢሮዎቹ አመለከተች። ቢሮዎቹ ባንኩን ጠየቁ። የባንኩ ሠራተኞች ስሟንና አድራሻዋን ኮምፒዩተራቸው ላይ ካለው ጋር አስተያዩና ትክክል ነው ብለው መለሱ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ፈልጎ ያየ አልነበረም።

ባንኩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከዚያ በላይ የመመርመር ግዴታ የለብኝም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ሕጉ የሚጠይቀው በቂ ምርመራ ነው፤ ላይ ላዩን አይቶ ማለፍ አይበቃም አለ። ጁሪው የፈረደላት 90,300 ዶላርም ጸና። ያ ፍርድ ከተሰጠ 20 ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ስልክ ላይ ያገኘሁት መልስ ያኔ ፍርድ ቤት የጣለውን ነው።

ስህተቱ ምን ያህል የተለመደ ነው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 1,001 ሰዎች የራሳቸውን ሪፖርት ከባለሙያ ጋር እንዲያዩ ያደረገበት ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ነው ለምክር ቤት የቀረበው። ከአራቱ አንዱ ስኮሩን፣ ማለትም ከሪፖርቱ ተሰልቶ አበዳሪ የሚያየውን ነጥብ፣ ሊነካ የሚችል ስህተት አገኘሁ አለ። ከአምስቱ አንዱ ተከራክሮ ሪፖርቱ እንዲታረም አድርጓል። 5 በመቶ ያህሉ ደግሞ ስህተቱ ከባድ ስለነበር ብድር ሲጠይቁ ወለድ ሊያስጨምርባቸው ይችል ነበር። 5 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በሚሊዮን ተበዳሪ አባዙትና እዩት።

ጉዳቱስ? እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ለሌላው አንባቢ ልንገር። በስፋት የሚሠራበት የፋይኮ ስኮር ከ300 እስከ 850 ነው። ትልቁን ድርሻ፣ 35 በመቶ ያህሉን፣ የሚይዘው የክፍያ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ውዝፍ በአሜሪካ ሕግ እስከ 7 ዓመት ሪፖርት ላይ ሊቆይ ይችላል። በእንግሊዝ 6 ዓመት ነው። የሚገርመው ደግሞ ስኮሩ ከፍ ያለ ሰው ከአንድ ውዝፍ የሚያጣው ነጥብ ስኮሩ ድሮም ዝቅ ካለው ሰው ይበልጣል። በትክክል የከፈለው ሰው ነው ከፍ ካለ ቦታ የሚወድቀው። ብድር ባይከለከል እንኳ ወለዱ ይወጣል። ቤት ሊከራይ ሲል አከራዩ ሪፖርቱን የሚያይበት አገር አለ፤ ሥራ ሲያመለክት አሠሪው የሚያይበትም አለ።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የሚያስተምር ነገር አለ። የአሜሪካው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሲወጣ ግዴታውን የጫነው በቢሮዎቹ ላይ ነበር። መረጃውን የሚልከው አበዳሪ ነገሩ ብዙም አይመለከተውም ነበር። አበዳሪው ስህተት መሆኑን እያወቀ እንዳይልክ፣ ቅሬታ ሲመጣም እንዲመረምር የሚያዘው ክፍል የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 ማሻሻያ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ምንጩን ሳይነኩ መጋዘኑን ብቻ መቆጣጠር እንደማያዋጣ ለመረዳት ሩብ ክፍለ ዘመን ፈጀባቸው። አሁን ቅሬታ ሲቀርብ ምርመራው በ30 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ተበዳሪው በመሃል ተጨማሪ መረጃ ካመጣ እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ሊረጋገጥ ያልቻለ ነገር ይሰረዛል ወይም ይስተካከላል።

የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አንቀጽ 16 የተሳሳተ መረጃ ሳይዘገይ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ከሱ ይልቅ እኔ የምወዳቸው ብዙም የማይወራላቸውን ሁለቱን ነው። አንቀጽ 18፣ ትክክለኛነቱ እየተጣራ ባለበት ጊዜ መረጃውን መጠቀም እንዲገደብ ለመጠየቅ ያስችላል። አንቀጽ 19፣ ያረመው ድርጅት መረጃውን ለሰጣቸው ሁሉ «አርሜዋለሁ» ብሎ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ የማይቻል ወይም ከመጠን ያለፈ ድካም የሚጠይቅ ካልሆነ በቀር። ስህተቱን የበተነ ራሱ ይልቀመው ነው ነገሩ። ይህ አንቀጽ የማይደርስበት አገር ያላችሁም ብትሆኑ እንደዚያ እንዳታደርጉ የሚከለክላችሁ የለም።

እንግሊዝ ውስጥ ተበዳሪው ሪፖርቱ ላይ እስከ 200 ቃል የሚደርስ የራሱን ማብራሪያ ማስገባት ይችላል። ደግ ሐሳብ ነው። ማብራሪያው ግን ስኮሩን አይቀይረውም። ስኮር የሚያሰላ ፕሮግራም የማንንም ድርሰት አያነብም። «ማብራሪያ ጻፊ» ተብዬ የተመከርኩትን ምክር ያልወደድኩት ለዚህ ነው። ያልሠራሁትን ነገር ለምን እንደሠራሁ የማብራራው ምን ሆኜ ነው?

አሁን ደግሞ ስህተቱን ካመናችሁ በኋላ ስለምትሠሩት። እውነቱን ለመናገር ከስህተቱ ይልቅ ያናደደኝ ይሄኛው ነው።

መጀመሪያ «ብድሩን በሙሉ ከሪፖርቱ ላይ እናጥፋው?» ተባልኩ። ሲሰሙት ደስ ይላል። አስቡት ግን። ያ ብድር ሥር ሦስት የተሳሳቱ ሳጥኖች ብቻ አይደሉም ያሉት። በትክክል የከፈልኩባቸው ዓመታት በሙሉ ያሉት እዚያው ነው። እሱ ሲጠፋ መልካም ስሜም አብሮ ይጠፋል፤ የብድር ታሪኬም ዕድሜ ያጥራል። ማጥፋት ለእናንተ ይቀላችኋል፤ አንድ ቁልፍ ነው። ማረም ግን የትኛው ክፍያ የትኛው ወር ላይ መግባት እንደነበረበት ቁጭ ብሎ መሥራት ይጠይቃል። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ነው። ሦስቱ ሳጥኖች ዜሮ ይሁኑ፤ ሌላው ባለበት ይቆይ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። «ለደንበኛችን ካለን በጎ ፈቃድ በመነሳት ማስተካከያ አድርገናል» ይላል። በጎ ፈቃድ! እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ እውነት ዘግይቶ ለከፈለና ይቅር ለተባለ ሰው ነው የሚጻፈው። ነገ ሌላ አበዳሪ ይህን ቢያይ «ዘግይታ ነበር፤ አዘኑላትና ተዉላት» ብሎ ነው የሚረዳው። ያስፈለገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ክፍያው በጊዜው ደርሶን ነበር፤ በስህተት የመዘገብነው እኛ ነን።» ይህን ለመጻፍ የሕግ ክፍላችሁ ለምን እንደሚፈራ ይገባኛል። ግን እውነቱ እሱ ነው።

ሦስተኛው ክፉ ነገር ከታረመ በኋላ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ቢሮው ያርማል፤ የእናንተ ዋና መዝገብ ግን እንዳለ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ወር ፋይሉ ሲላክ ያው አሮጌ ስህተት ተመልሶ ይገባል። በአሜሪካ ሕግ የተሰረዘ ነገር ተመልሶ የሚገባው አበዳሪው ትክክል መሆኑን ካረጋገጠ ብቻ ነው፤ ቢሮውም በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለሰውየው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሕግ እስኪወጣለት ድረስ የተለመደ ችግር ነው ማለት ነው። ብድሩ ለሌላ ድርጅት ከተሸጠ ደግሞ ይብሳል። ስህተቱ ከብድሩ ጋር አብሮ ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት «እኛ የተረከብነው እንዲህ ሆኖ ነው» ይላል፤ አሮጌው «እኛ ጋ የለም፤ ሸጠነዋል» ይላል። አንዳንዴም ሁለቱም ይመዘግቡታልና አንድ ዕዳ ሁለት ሆኖ ይታያል።

የእናንተንም ጎን አልረሳሁም። የሚደርሳችሁ ቅሬታ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። «ክሬዲትህን እናጸዳለን» የሚሉ ድርጅቶች ከሰው ገንዘብ እየተቀበሉ አንድ ዓይነት ደብዳቤ በጅምላ ይልኩላችኋል። እውነተኛውን ውዝፍ ሁሉ «የእኔ አይደለም» ያስብላሉ። ያሰለቻል። ግን የእኔ ደብዳቤ ከነሱ ጋር አይመሳሰልም። የብድር ቁጥር አለው። ቀን አለው። ከባንክ የወጣ ስቴትመንት አለው። ሲስተማችሁ መቼ እንደተቀየረ እንኳ ይናገራል። ይህን ከጅምላው ለይቶ ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብ ይበቃል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሰው ማስረጃ ይዞ ሲመጣ ስክሪኑን ሳይሆን የገንዘቡን መንገድ የሚከተል ሠራተኛ መድቡ፤ የክፍያ ክፍሉን ደውሎ የሚጠይቅ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ የተቀመጠበትን ሂሳብ የሚከፍት፣ የመጀመሪያውን ውል የሚያወጣ። ያ ሠራተኛ የማረም ሥልጣን ይኑረው። ሲያርም መጀመሪያ የራሳችሁን ዋና መዝገብ ያርም፤ ከዚያ መረጃውን ለላካችሁላቸው ቢሮዎች ሁሉ ያስተላልፍ። እኔ ያመለከትኩበት ቢሮ ብቻ አይበቃም፤ ሌሎቹ ጋ ያለው እንዳለ ይቀራልና። እየተጣራ ባለበት ወቅት ደግሞ መዝገቡ «ክርክር ያለበት» መሆኑ ይታይ። ሲስተም ስትቀይሩ፣ ብድር ስትሸጡ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር ስትዋሃዱ፣ ከለውጡ በኋላ ባሉት ወራት ድንገት ውዝፍ የሆኑ ደንበኞችን ለይታችሁ አንድ በአንድ እዩ። ለዓመታት ሳያጓድል የከፈለ ሰው ሲስተም በተቀየረ ሰሞን ክፍያ ካቆመ፣ መጀመሪያ ሲስተሙ ይጠርጠር።

በዚሁ አጋጣሚ እንደኔ ለተያዛችሁ ተበዳሪዎችም ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ሪፖርታችሁን ከአንድ ቢሮ ብቻ አታውጡ። አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ለአበዳሪውም ለቢሮውም በጽሑፍ አመልክቱ። በስልክ የተባለ ነገር የትም አይገኝም። ይህ ለወጉ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ አበዳሪው ምርመራውን በአግባቡ አላደረገም ብላችሁ ለመክሰስ ቅሬታው በቢሮው በኩል ያለፈ መሆን አለበት። ለአበዳሪው ብቻ የጻፈ ሰው ያንን በር አያገኝም። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የትኛው መስመር ስህተት እንደሆነ፣ ትክክሉ ምን እንደሆነ፣ ማስረጃው የትኛው ገጽ እንደሆነ ይናገር። ኮፒ ላኩ፤ ዋናውን አትስጡ። ተናዳችሁ ክፍያ እንዳታቆሙ፤ የውሸቱ ውዝፍ እውነተኛ ይሆናል። «ተረጋግጧል» የሚል መልስ ሲመጣ በምን እንደተረጋገጠ በጽሑፍ ጠይቁ። አልመለስ ካሉ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ዕንባ ጠባቂው ሂዱ። ገንዘብ ተቀብሎ ሪፖርት አጸዳለሁ ለሚል ሰው ደግሞ አትክፈሉ። እሱ የሚጽፈውን ደብዳቤ ራሳችሁ በነፃ ትጽፉታላችሁ። እውነት ዘግይታችሁ የከፈላችሁትን ደግሞ እሱም ሊያጠፋው አይችልም።

ወደ እናንተ ልመለስና ልጨርስ። በቅሬታ መልሳችሁ ላይ «የደንበኞች አገልግሎት ክፍል» ከሚለው ማኅተም ጎን መዝገቡን የመረመረው ሰው ስምና የሥራ ድርሻ ይጻፍ። የትኛውን ሰነድ እንዳየም ይግለጽ፤ የክፍያ መዝገቡን ይሁን፣ ውሉን ይሁን፣ የባንክ ስቴትመንቱን ይሁን። ስክሪኑን ብቻ ካየም «ስክሪኑን ብቻ ነው ያየሁት» ብሎ ይጻፍልንና ወዴት መሄድ እንዳለብን እንወቀው። ለዚህ አዲስ ሕግም፣ አዲስ ሲስተምም አያስፈልግም፤ የምትልኩት ደብዳቤ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ነው። መቼ እንደምትጀምሩ ብታሳውቁን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰዓቱ የከፈለች ተበዳሪ